ዙረታሙ

ኮርማው አንዴ መሮጥ ከጀመረ ዛፍ አይመልሰውም፣ ገደል አይመልሰውም፣ ግንብ አይመልሰውም። ያነጣጠረበት ሰው በካርታው ላይ የትም ይሂድ የት ተከትሎ ይሄዳል። ይህን የእህቴ ልጅ ደጋግሞ ነግሮኝ ነበር፤ እኔ በግማሽ ጆሮ ነው የሰማሁት። በመሀለኛው መስመር ላይ ነፍሷ አንድ ሐሙስ የቀራት የጠላት ጠንቋይ አየሁና ኮርማዬን ለቀቅሁባት።

ጠንቋይዋ ሞኝ አልነበረችም። ወደ ቤት የሚመልሰውን ጥቅልል ከፍታ ብን አለች። ኮርማዬም አቅጣጫውን ቀይሮ ተከተላት። ወንዙን ተሻገረ፤ የጠላትን አንደኛ ግንብ፣ ሁለተኛውን፣ ሦስተኛውን እየተወጋ አለፈ። «ጋሼ፣ ሰርዘው! ሰርዘው!» እያለ ልጁ ከጎኔ ይጮኻል፤ እኔ መሰረዣው የትኛው ቁልፍ እንደሆነ ኪቦርዱ ላይ እፈልጋለሁ። ኮርማው የጠላት ተዋጊዎች ቁስላቸውን የሚያሽሩበት ምንጭ ድረስ ዘው ብሎ ገባ። ምንጩ የራሱን ሰው ያድናል፤ ባዕድ ሲገባበት ግን ፋታ አይሰጥም። ስክሪኔ ግራጫ ሆነ።

«ምን ሆናችሁ?» አለች እህቴ ከላይ ከወጥ ቤት።

«ጋሼ ሞተ!» አለ ልጁ።

ደረጃውን እንዴት እንደወረደችው አላውቅም። ማማሰያው በእጇ ነበር። ወንበሬ ላይ ተቀምጬ ስታየኝ መጀመሪያ አማተበች፣ ቀጥላ ልጇን ተቆጣች፤ «ሞተ» ብሎ ቀልድ እንደሌለ፣ ደግሞም አጎት «ሰርዘው» ተብሎ እንደማይታዘዝ፣ «ይሰርዙት» እንደሚባል። ልጁ ሜሪላንድ ተወልዶ ያደገ፣ አማርኛን ከእናቱ ትእዛዝ የተማረ ነው። «ተነስ»፣ «ብላ»፣ «ዝጋው» እየተባለ ስላደገ ሰውን ሁሉ በአንተታ ነው የሚያናግረው። እኔ ደግሞ ለእሱ ቆምኩለት። በዚህ ጨዋታ «ይሰርዙት» ተብሎ እስኪያልቅ ሰው ሁለት ጊዜ ይሞታል።

ይህ የሆነው ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ፣ በጥር ብርድ፣ በእህቴ ቤት ምድር ቤት ነው። ለሁለት ወር ልጠይቃት ሄጄ በረዶው አላስወጣ ሲለኝ ከልጁ ጋር ምድር ቤት ዋልኩ። ከትምህርት ቤት ጓደኞቹ ጋር ዶታ 2 የሚባለውን ጌም በቡድን ይጫወታሉ። አምስት መሆን አለባቸው፤ አምስተኛው ልጅ ኮሌጅ ገብቶ ርቋቸዋል። የሄደው ልጅ ይሠራ የነበረው አራተኛ ቁጥር በሚባለው ቦታ ነው፤ መስመሩን እየለቀቀ ካርታውን የሚዞረው፣ እነሱ «ሮመር» የሚሉት። ክፍት የሆነው እሱ ብቻ ስለነበር ለእኔ ደረሰኝ። ለእህቴ ሥራዬን ሳስረዳት፣ «ድሮም ዙረታም ነበርክ» አለችኝ። በእናታችን ቤት ከ«ሌባ» ቀጥሎ የሚከብደው ስድብ ነበር። ዳቦ ግዛ ተብሎ ተልኮ ሦስት ሰፈር አካልሎ ለሚመለስ ልጅ የተሰጠ ስም፤ ያ ልጅም እኔ ነበርኩ።

ለማያውቀው ላስረዳ። ጌሙን የሚያወጣው ቫልቭ የተባለ የአሜሪካ ኩባንያ ነው፤ በይፋ የወጣው በ2013 ነው (ዓመቶቹን ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ልቁጠር)። ሥሩ ግን ከዚያ ይርቃል። በ2003 «ዩል» በሚል ስም የሚታወቅ አንድ ተጫዋች ዋርክራፍት 3 በተባለው ጌም ላይ የራሱን ካርታ ሠርቶ ለሌሎች አካፈለ፤ ያ ካርታ ከእጅ ወደ እጅ እየተሻሻለ መጥቶ ነው ይህን የሆነው። አምስት ለአምስት ነው። እያንዳንዱ ተጫዋች ከ120 በላይ ከሚሆኑ ገጸ ባሕርያት አንዱን ይመርጣል፤ የእኔ ስፒሪት ብሬከር የሚባል ኮርማ ነው፣ ልጆቹ «ባራ» እያሉ ያቆላምጡታል። በሁለቱ ማዕዘኖች ሁለት ቤቶች አሉ፣ በመካከላቸው ሦስት መስመሮች፣ በመስመሮቹ ላይ ግንቦች፣ ካርታውን ለሁለት የሚከፍል ወንዝ፣ የቀረው ጫካ። ከሁለቱም ቤቶች በየ30 ሴኮንዱ በየመስመሩ አንድ አንድ ጭፍራ ይወጣል፤ ጭፍራው በራሱ ይሄዳል፣ በራሱ ይዋጋል። የጠላትን ወታደር በመጨረሻዋ ምት የገደለ ወርቅ ያገኛል፤ በወርቁ መሣሪያ ይገዛል። የባላጋራውን ትልቁን ሕንፃ ቀድሞ ያፈረሰ ቡድን ያሸንፋል።

ተራ የሚባል ነገር የለም። ያገራችንን ሰንጠረዥ የሚያውቅ አንባቢ «ወረራ» የሚባለውን መክፈቻ ያስታውሳል፤ የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ ሁለቱም ተጫዋቾች ተራ ሳይጠባበቁ እንደ እጃቸው ፍጥነት ያንቀሳቅሳሉ። ከበው የሚያዩትም ዝም አይሉም፤ ይመክራሉ፣ ይሳደባሉ። ለልጁ ይህን ስነግረው፣ «ታዲያ ዶታ ነው» አለኝ። ልክ ነው፤ ወረራው የማያልቅ ሰንጠረዥ።

ከአንድ እስከ አምስት ያለው ቁጥር የመሶብ ወረፋ ነው። በካርታው ላይ ያለው ወርቅ ለአምስት ሰው እኩል አይበቃም፤ ስለዚህ አንደኛው ቀድሞ ይበላል፣ ሁለተኛው ይከተላል፣ እንዲህ እያለ ይወርዳል። አንደኛው እየበላ ቆይቶ ጨዋታው ሲመሽ ቡድኑን ተሸክሞ የሚወጣ ነው። አምስተኛው እሱን እየጠበቀ ጦሙን ያድራል። አራተኛው ከሦስተኛው ጋር በአስቸጋሪው መስመር ይጀምራል፤ ከዚያ ፍርፋሪውን የሚለቅመው እግሩ በደረሰበት ነው። ሁልጊዜ እንዲህ አልነበረም። በ2017 አካባቢ አራተኛው ከመጀመሪያዋ ደቂቃ ጀምሮ ቋሚ መስመር ሳይኖረው የሚዞርበት ጊዜ ነበር። ሠሪዎቹ ሕጎቹን ሲቀያይሩ ያ ልማድ ቀረ፤ ዛሬ መጀመሪያ ከጎረቤትህ ጋር ትቆማለህ፣ ኋላ ነው ጥለኸው የምትሄደው።

የእኔ ጎረቤት የእህቴ ልጅ ነበር። እሱ ሦስተኛ፣ እኔ አራተኛ። ጥዬው የምሄደው እሱን ነው ማለት ነው።

በመጀመሪያው ሳምንት የገባኝ ነገር ቢኖር መሄድ እንደሚጣፍጥ ነው። አንድ መስመር ላይ ቆሞ ከሁለት ሰው ጋር መጠዛጠዝ ይሰለቻል፤ ካርታው ሰፊ ነው፣ ኮርማው ፈጣን ነው፣ ከወዲያ ማዶ አንድ ሰው ተዘናግቶ ይታይሃል። በቪዲዮ የሚያስተምሩት ብዙዎቹም የሚሉት ይህንኑ ነው፤ ዙር፣ አጥቃ፣ አትቁም። ምክራቸው ግማሽ እውነት ነው፤ ግማሽ እውነቱ ደግሞ እኔን ለሁለት ሳምንት አክስሮኛል። ስሄድ ልጁ ብቻውን ከሁለት ጠላት ጋር ይቀራል። በአቅራቢያው ለሚሞት ወታደር የሚከፈለውን የልምድ ነጥብ ለብቻው ይወስዳል፣ ይህ ጥቅም ነው፤ ግን መውሰድ የሚችለው ከጭፍራው አጠገብ መቆም ከቻለ ነው። ሁለቱ ከገፉት ግንቡ ሥር ተሸጉጦ ወርቁን በዓይኑ ብቻ ያየዋል።

አንድ ማታ ሦስት ጊዜ ወደ መሀል ሄጄ ሦስቴም ባዶ እጄን ተመለስኩ። ልጁ ምንም አላለም። ጨዋታው ሲያልቅ ወረቀት አምጥቶ በእርሳስ ጻፈልኝ፤ መሄጃ 20 ሴኮንድ፣ ዛፍ ሥር ማድፈጫ 10፣ ጠቡ 10፣ መመለሻ 20። አንድ ደቂቃ። ጭፍራ በየ30 ሴኮንዱ ስለሚወጣ፣ አንድ ጉዞ ሁለት ጭፍራ ያስከፍላል። ሦስት ጉዞ ስድስት። «ስድስት ጭፍራ የኔ ነበር» አለ። ከዚያ ወዲህ ሰዓቱን በደቂቃ መቁጠር ትቼ በጭፍራ መቁጠር ጀመርኩ። ከመነሳቴ በፊትም ለእሱ እናገራለሁ፤ መንገድ ሲሄዱ ለቤት ሰው መናገር ወግ አይደለም እንዴ?

ሂሳቡ ግን ሌላ ገጽ አለው፤ ይህንንም ያስተማረኝ በድንገት ነው። አንዴ ከመስመራችን ወጥቼ ወደ ጫካው ገባሁ። ልሄድበት ያሰብኩበት ሰው ወደ ኋላ ስላፈገፈገ ምንም ሳላደርግ ለአንድ ደቂቃ ያህል ዛፎቹ መሀል ቆምኩ። ልጁ ሳቀ። «ሚስ ሳይሉ አይቀሩም» አለኝ። በተጫዋቾች ቋንቋ «ሚስ» ማለት «ከእኛ መስመር የነበረው ሰው ጠፍቷል፣ ተጠንቀቁ» ማለት ነው። በካርታው ላይ አየሁ፤ የመሀሉ ጠላት ግንቡ ሥር ገብቷል፣ የታችኞቹም ሁለቱ እግራቸውን ሰብስበዋል። የት እንዳለሁ ስለማያውቁ በሁሉም ቦታ ነበርኩ። የእኛ ልጆች ያለ ተቀናቃኝ በሉ። ግጥሚያው ሲያልቅ የሚወጣው ሰንጠረዥ የገደልከውን፣ የሞትከውን፣ በመግደል የረዳኸውን ይቆጥራል፤ ያንን አንድ ደቂቃ ግን አይቆጥረውም። ይህን ሥራ የያዘ ሰው ውጤቱን ከዚያ ሰንጠረዥ ለማንበብ ከሞከረ ቶሎ ይመረራል። እኔ ተመርሬ አውቃለሁ።

እንግዲህ አለመታየት ዋናው ሀብት ከሆነ፣ ጌሙ ስለ ማየት ያለው ሕግ ሁሉ የዟሪው ሕግ ነው። የጠላትን ሰው የምታየው ከወገንህ አንዱ ወይም ሕንፃህ በሚያይበት ርቀት ውስጥ ሲገባ ብቻ ነው፤ የቀረው ጭጋግ ነው። ቀንና ሌሊት በየ5 ደቂቃው ይፈራረቃሉ፤ ሌሊት አብዛኛው ገጸ ባሕርይ የሚያየው የቀኑን ግማሽ እንኳ አይሞላም። ለዚህ ነው መንገደኛ ሌሊቱን የሚመርጠው። ዋርድ የሚባል የማይታይ ዓይን አለ፤ መሬት ላይ ተክለኸው 6 ደቂቃ አካባቢውን ይሰልልልሃል፤ ገንዘብ አይጠይቅም፣ እየተቆጠረ ነው የሚገኘው። ስሞክ የሚባል ጢስም አለ፤ 50 ወርቅ ያወጣል፣ በአጠገብህ ያሉትን ጓደኞችህን ጨምሮ ይሸፍናል፤ ጠላት ወይም ግንብ አጠገብ እስክትደርስ ወይም ግማሽ ደቂቃ ከምናምን እስኪያልቅ ዋርድ እንኳ አያይህም። ጢሱን ለመግዛት መሳሳት የጀማሪ ምልክት ነው ይላሉ። እኔ 50ዋን ወርቅ አጥብቄ የያዝኩበት ምክንያት ደግሞ ድህነት ነው፤ አራተኛ ቁጥር ጫማ እንኳ የሚገዛው ዘግይቶ ነው።

አንድ ቀን ግጥሚያ አልነበረም፤ ልጁ የትናንቱን ከፈተው። ጌሙ እያንዳንዱን ጨዋታ ቀርጾ ያስቀምጣል፤ ኋላ በፈለግኸው ቡድን ዓይን ማየት ትችላለህ። በእኛ ዓይን ሳይሆን በጠላት ዓይን አስከፈተኝ። እነሱ የሚያዩትን ብቻ ነው የምናየው። አሥረኛው ደቂቃ ላይ፣ ወንዙ ዳር ካሉት ዛፎች መሀል፣ አንድ ኮርማ ቆሟል። ወዲያ ወዲህ ይላል። እንደገና ይቆማል። ትናንት ማታ ልቤ እየመታ «አላዩኝም» እያልኩ ያደፈጥኩባት ቦታ ነች። ከጀርባዬ፣ ሁለት እርምጃ ያህል ርቃ፣ የእነሱ ዋርድ ተተክላለች። ለ40 ሴኮንድ ያህል ሦስቱም እያዩኝ ነበር። አንደኛው እንዲያውም ጭፍራውን እየገደለ ረጋ ብሎ ይጠብቀኝ ነበር፤ ስወጣ ሦስቱም በአንዴ ዘነቡብኝ።

ስሞት አላፈርኩም፤ በሌላ ሰው ዓይን ራሴን ሳይ ግን አፈርኩ። መጋረጃ ሥር ተደብቆ እግሩ የሚታይ ሕፃን ነበር የምመስለው። ከዚያ ቀን ወዲህ የራሴን ጨዋታ በራሴ ወገን በኩል አይቼ አላውቅም። ለጀማሪ አንድ ነገር ብቻ ምከር ብባል ይህን ነው የምመክረው፣ የመቶ ቪዲዮ ምክር ይተካል።

የሌሎችንም አየን። ሊባኖሳዊው ማሩን መርሄጅ፣ በጨዋታ ስሙ ጂኤች፣ በ2017 መጀመሪያ ቲም ሊኩዊድ ገብቶ በዚያው ዓመት ነሐሴ ሲያትል ላይ የዓለም ዋንጫ የሚባለውን ዘ ኢንተርናሽናልን አነሳ፤ ፍጻሜው ከቻይናው ኒውቢ ጋር 3 ለ 0 ነበር፣ የአሸናፊዎቹ ድርሻም ከ10 ሚሊዮን ዶላር በላይ። ጂኤች በጣም የሚታወቅበት ገጸ ባሕርይ አዮ ይባላል፤ መልክ የሌለው፣ የብርሃን ድቡልቡል ነው። አዮ ራሱን በብርሃን ገመድ ከአንድ ጓደኛው ጋር ያስርና ሁለቱም በካርታው ላይ ወደፈለገበት ቦታ ብቅ ይላሉ። ግን 12 ሴኮንድ ብቻ ነው ያለው። ጠቡ አለቀም አላለቀም፣ ሰዓቱ ሲሞላ ወደተነሳበት ይመለሳል። ዞሮ ዞሮ ከቤት። ጂኤችን ሳየው ዓይኔን የያዘው ሲደርስ ሳይሆን ከመነሳቱ በፊት ያለው ጊዜ ነው፤ የሚቆመው ሲመለስ እንዳይሞት ሆኖ ነው። የመመለሻውን ቦታ መርጦ ነው የሚሄደው።

ፊንላንዳዊው ጄሲ ቫይኒካ፣ ጄራክስ፣ ሌላ ዓይነት ነው። በኦጂ ቡድን በ2018 ቫንኩቨር፣ በ2019 ሻንጋይ፣ ሁለት ዓመት በተከታታይ አሸነፈ፤ ከዚያ በፊት ዋንጫውን ሁለት ጊዜ ያነሳ ቡድን አልነበረም። የሻንጋዩ ፍጻሜ ከማን ጋር ነበር ብትሉ ከሊኩዊድ፤ ሁለቱ አራተኛ ቁጥሮች ፊት ለፊት። ሊኩዊድ የመጀመሪያውን ጨዋታ ወስዶ፣ ኦጂ ቀጣዮቹን ሦስት ወሰደ። ጄራክስ ምድር የሚሰነጥቁትን፣ ድንጋይ የሚያንከባልሉትን ይወዳል። እሱ ሲጫወት ጠላት ሊሸሽበት ያሰበው መንገድ ላይ አስቀድሞ ቆሞ ታገኘዋለህ። ብዙ ሰው የሚያደንቀው ያንን ነው፤ እኔ ግን ምርጫዬ ጂኤች ነው፣ ምናልባት ስለምሄድበት እንጂ ስለምመለስበት አስቤ ስለማላውቅ ይሆናል።

በመጋቢት አዲስ አበባ ተመለስኩ። ልጆቹ ሌላ ሰው አላገኙም፣ ወይም አላገኘንም ይላሉ። አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ፣ በእነሱ ቀትር፣ በእኔ ከምሽቱ 1 ሰዓት እንገናኛለን። ልጁ ቤት ሆኖ ሲጫወት የሚጠቀምበት ሰርቨር ቨርጂኒያ ነው፣ ከሰፈሩ ወንዙን እንደመሻገር፤ እዚህ አካባቢ ግን የለም። ስለዚህ ሁላችንም አውሮፓ ሰርቨር ላይ ገብተን እኩል እንቸገራለን። ፒንግ የሚሉት፣ ትእዛዝህ ሄዶ መልሱ እስኪመጣ ያለው ጊዜ፣ እኔ ዘንድ ብዙ ጊዜ ከ100 ሚሊሴኮንድ ያልፋል። ብዙ አይመስልም። ኮርማው ግን ትእዛዜን ሁልጊዜ ትንሽ ዘግይቶ ይሰማኛል፤ ስለዚህ ትንሽ ቀደም ብዬ መወሰን አለብኝ። በግሌ ለትምህርቱ ሳይጠቅመኝ አልቀረም። በጨዋታ መሀል መብራት ሲጠፋ የሚሆነውን ግን ለልጆቹ ማስረዳት አልቻልኩም። አንዱ «ለምን ቢል አልከፈላችሁም?» ብሎ ጠየቀኝ።

ያለፈው ቅዳሜ 28ኛው ደቂቃ ላይ ሌሊት ነበር። ከታችኛው መስመር መጨረሻ አንዲት የጠላት ቀስተኛ ብቻዋን ጭፍራ ትበላለች፤ ጓደኛ የላት፣ ግንብ ሩቅ። ኮርማውን ለቀቅኩት። ተነሳ፣ ጫካውን ሰንጥቆ ወረደ። ዒላማው እየመጣበት መሆኑን የሚያሳየው ምልክት ለእኛ ወገን ብቻ ነው የሚታየው፤ ቀስተኛዋ ምንም አታውቅም። ልጁና አንደኛ ቁጥራችን ሊደርሱልኝ ተዘጋጁ። ወንዙ ላይ ስደርስ ትንሿን ካርታ አየሁ። እሷ ብቻ ነበረች የምትታየው።

ኤስን ተጫንኩ። ኮርማው ውኃ ውስጥ ቆመ።

«ለምን አቆምክ? ብቻዋን ናት!» አለ ልጁ በማዳመጫው።

መልስ አልሰጠሁም። የእኛ ጭፍራ እየወረደ ነበር፤ ቀስተኛዋ አጠገብ ሲደርስ ዙሪያው ለአፍታ ታየ። ከዛፎቹ ሥር ሦስት ሰዎች ተነስተው፣ ጠብቀው እንደሰለቻቸው ሰዎች፣ እየተንጠራወዙ ወደ መስመሩ ወጡ።

ማዳመጫው ውስጥ ዝም አሉ። ከበስተጀርባ እህቴ ሽንኩርት የምታቁላላበት ድምፅ ይሰማኛል።

«አይተሃቸው ነበር?» አለ።

«አላየኋቸውም።»

«ታዲያ እንዴት አወቅህ?»

«ካርታው ላይ አልነበሩማ።»

ትንሽ ቆየ። «እሺ» አለ፣ «ዋርድ ይዘህ ና፣ ጨርሰናል።»